ዳቦ ቆሎን ከቤት ሠርቶ መሸጥ፦ ከሊጡ እስከ ዋጋው

«እጅሽ ይጣፍጣል» የተባለች ሁሉ አንድ ቀን መሸጥን ታስባለች። ለቤተሰብ የተሠራ ዳቦ ቆሎ አንዳንዴ ቢያርር፣ አንዳንዴ ጥርስ ቢሰብር ማንም ቅር አይለውም፤ ተስቆ ይበላል። ገንዘቡን የከፈለ ሰው ግን ባለፈው ሳምንት የቆረጠመውን ያንኑ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን ይግዙ። በእፍኝና በዓይን ግምት የተሠራ ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይወጣም፤ ወጪውም አይታወቅም።

ዳቦ ቆሎ ለጀማሪ የሚመቸው ማቀዝቀዣ ስለማይፈልግ፣ በደንብ ከደረቀና ከታሸገ ሳምንታት ስለሚቆይ፣ ማሽንም ስለማያስፈልገው ነው። በቅቤና በእንቁላል ፋንታ በዘይት ከተሠራ ደግሞ የጾም ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ስታስቡት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቅቤ ያለበትን ዓይነትም መሥራት ከፈለጉ ለብቻው፣ «የፍስክ» ብለው ጽፈው ያሽጉት።

ለአንድ ዙር የሚያስፈልገው

የስንዴ ፉርኖ ዱቄት 1 ኪሎ፣ ዘይት 150 ሚሊ ሊትር፣ ስኳር 60 ግራም፣ ጨው 15 ግራም፣ በደንብ የተነፋ በርበሬ 30 ግራም፣ ውሃ ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር። ለልጆች የሚሆነው በርበሬው ቀርቶ ስኳሩ ወደ 120 ግራም ከፍ ይላል። እርሾ አያስፈልግም፤ ከገባ ፍሬው መሃሉ ባዶ ሆኖ ያብጥና በማሸጊያው ውስጥ ይፈረፈራል።

በመጀመሪያው ወር ከሁለት ዓይነት አይበልጡ፤ አንድ የሚያቃጥል፣ አንድ ጣፋጭ። አምስት ዓይነት የሚሠራ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ አራቱን ራሱ ይበላል።

አሠራሩ

ደረቁን ሁሉ ከደባለቁ በኋላ ዘይቱን ያፍሱና ዱቄቱን በሁለት መዳፍ መካከል ይሹት፤ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን መያዝ አለበት። ይህን ዘሎ ውሃ መጨመር ዳቦ ቆሎን ድንጋይ ከሚያደርጉት ስህተቶች ዋናው ነው፤ ዱቄቱ በዘይት ሳይለበስ ውሃ ካገኘ ሊጡ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ ሲደርቅም ይከራል። ከዚያ ውሃውን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ሊጡ አንድ እስኪሆን ብቻ ያሹ። ከዳቦ ሊጥ ጠንከር ያለ፣ ከእጅ የማይጣበቅ መሆን አለበት። ሸፍነው 30 ደቂቃ ያሳርፉት።

ጊዜ የሚበላው ቆረጣው ነው። አንዷን ገመድ አድቦልቡሎ አንድ በአንድ መቁረጥ ለቤት ጨዋታ ጥሩ ነው፤ ለሽያጭ ግን ቀኑን ይጨርሳል። ሊጡን በመዳመጫ 8 ሚሊ ሜትር ያህል አድርገው ይዘርጉት፣ በፒዛ መቁረጫ ጎማ ወደ ቀጫጭን መስመሮች ይቁረጡት፣ መስመሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው በረጅም ቢላ አሥሩን በአንድ ጊዜ ይከርክሙ። ፍሬዎቹ ቅርጻቸው ቢለያይ ችግር የለውም፤ መጠናቸው ግን መቀራረብ አለበት። ትንሹ ሲያርር ትልቁ ውስጡ ጥሬ ይሆናልና። እንዳይጣበቁ የነሰነሱትን ዱቄት ከመቁላትዎ በፊት በወንፊት ያራግፉ። ምጣዱ ላይ የቀረው ዱቄት ቀድሞ ያርና መራራ ጣዕሙን ለሁሉም ያዳርሳል፤ ሰው ግን በርበሬውን ይወቅሳል።

በኦቨን ከሆነ 170 ዲግሪ ላይ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ በየ8 ደቂቃው እያማሰሉ። ትሪው ላይ አንድ ንብርብር ብቻ ያድርጉ። ሲበቃው ኦቨኑን አጥፍተው በሩን ገርበብ አድርገው ሌላ 15 ደቂቃ ይተዉት፤ ውስጡን የሚያደርቀው ይህ ነው። በምጣድ ከሆነ ግማሽ ግማሹን፣ በዝግተኛ እሳት፣ ማማሰያው ሳያርፍ ይቁሉት፤ እሳት የጨመረ ሰው ላዩ ቡኒ ውስጡ ሊጥ የሆነ ነገር ያገኛል። በዘይት መጥበስም ይቻላል፣ ይጣፍጣልም፤ ነገር ግን ማሸጊያውን በዘይት ይቀባል፣ ዘይት ይፈጃል፣ ቶሎም የቆየ ዘይት መሽተት ይጀምራል። ለሽያጭ ባይመርጡት ይሻላል።

መድረሱን በቀለም አይፍረዱ፤ በርበሬው ያታልላል። አንድ ትልቅ ፍሬ አውጥተው 2 ደቂቃ ያቀዝቅዙና ለሁለት ይስበሩት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረና መሃሉ እንደ ጠርዙ ደረቅ ከሆነ በቅቷል። መሃሉ ጠቆር ብሎ እርጥብ ከመሰለ ይመልሱት።

ማቀዝቀዝና ማሸግ

ሰፌድ ወይም ሰፊ ትሪ ላይ አስጥተው ቢያንስ 1 ሰዓት ያቀዝቅዙ። «ከሁለት ቀን በኋላ ለሰለሰ» የሚል ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለብ እያለ ከታሸገ ነው፤ እንፋሎቱ ላስቲኩ ውስጥ ታፍኖ ወደ ፍሬው ይመለሳል። በክረምት አስጥቶ ማሳደርም ያው ነው፤ እርጥበት ከአየሩ ይጠጣል።

ከ1 ኪሎ ዱቄት 1.2 ኪሎ ገደማ ዳቦ ቆሎ ይወጣል፣ ማለትም 100 ግራም የሚይዙ 12 ማሸጊያዎች። ወፈር ያለ፣ ዚፕ ያለው ላስቲክ ይምረጡ፤ ቀጭኑ ፌስታል አየር ያስገባል። ላዩ ላይ ስሙን፣ የገባበትን ሁሉ (ስንዴ መኖሩ በግልጽ ይታይ)፣ ክብደቱንና የተሠራበትን ቀን ይጻፉ። ቀኑን ሲጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አይርሱ። ወደ ውጭ አገር ዘመዱ የሚልክ ደንበኛ ብዙ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት እዚያ ያለ ሰው ካነበበው ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ይመስለዋል።

ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ማሸጊያ ያስቀሩና በ2፣ በ4 እና በ6 ሳምንት ከፍተው ይቅመሱት። «እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ» የሚለውን የሚጽፉት በዚህ ፈተና ነው፤ የጎረቤትን ማሸጊያ ገልብጠው አይጻፉ።

ዋጋ

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው፤ መክሰሩንም ሳያውቅ ወራት ይቆያል። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ በሰፈርዎ የሰሞኑን ዋጋ ይተኩባቸው። ጥሬ ዕቃ 200 ብር፣ መብራት ወይም ጋዝ 25፣ ማሸጊያና ጽሑፍ 12 ሲባዛ በ6፣ 72 ብር። የእርስዎ ጉልበት 2 ሰዓት፣ በሰዓት 80፣ 160 ብር። ድምሩ 457 ነው። ይህን በ12 አያካፍሉ፤ ለቅምሻና ለፈተና አንዱ ይቀራልና በ11 ያካፍሉት። ወደ 42 ብር ይመጣል። 14 ብር ትርፍ ሲጨመር 56።

ባለሱቁ ከመሸጫው ዋጋ 20 በመቶ ይወስዳል እንበል። ብዙዎች 56 ላይ 20 በመቶ ይጨምሩና 67 ብር ከ20 ይላሉ። ባለሱቁ ግን ድርሻውን የሚቆርጠው ከ67 ብር ከ20 ላይ ነው፤ ለእርስዎ 53 ብር ከ76 ብቻ ይቀራል። ትክክለኛው 56ን በ0.8 ማካፈል ነው፤ 70 ብር። በቴሌግራም በቀጥታ ሲሸጡም ዋጋውን ከሱቁ አያውርዱ፤ ባለሱቁ ባወቀ ቀን ዕቃዎን ከመደርደሪያው ያወርደዋል።

«ሲሸጥ ይከፈልሃል» የሚል ሱቅ ጋር ከ10 ማሸጊያ በላይ አያስቀምጡ። ቁጥሩን በደብተር አስፈርመው በየሳምንቱ ሂሳብ ይዝጉ፣ 3 ሳምንት ያለፈውንም ራሳችሁ አንሡ፤ ያረጀውን የገዛ ሰው ሱቁን ትቶ እናንተን ነው የሚቀየመው። መሥሪያ ቤት፣ ማኅበርና የጎረቤት ቡና ከሱቅ ይቀድማሉ፤ ገንዘቡ እዚያው በእጅ ወይም በቴሌብር ይገባል።

ሱፐርማርኬት መግባት ሲያስቡ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መጠየቅዎ አይቀርም፤ የወረዳዎን ንግድ ጽሕፈት ቤት ቀድመው ያነጋግሩ። አሜሪካ ለሚኖሩ ደግሞ «ኮቴጅ ፉድ» የሚባለው ሕግ አለ፤ እንደ ዳቦ ቆሎ ያለ ደረቅ የተጋገረ ምግብ በአብዛኛው በዚህ ሥር ከቤት መሸጥ ይፈቀዳል። ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ ሕጉን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትሠራበት፣ ማሸጊያው ላይ በቤት ወጥ ቤት መሠራቱ እንዲጻፍ ታስገድዳለች።

ትእዛዝ ሲበዛ በአንድ ጊዜ የ5 ኪሎ ሊጥ ማቡካት ያጓጓል። ምጣዱና ኦቨኑ ግን አላደጉም፤ ተራ የሚጠብቀው ሊጥ ይደርቅና ሲቆረጥ ይሰነጣጠቃል። በ2 ኪሎ ይወሰኑና ሁለተኛውን ሊጥ የመጀመሪያው ሲጋገር ያቡኩት።