ቀለሙ ሲጠፋ ቺፑን አትንቀሉ፦ በቪዲዮ ኢንኮደር ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ምስሉ ረግቶ ቆሞ ቀለሙ ብቻ ከጠፋ ቺፑን አትንቀሉት። ምንም ያልሆነ ኢንኮደር ተነቅሎ ሲጣል፣ በቦታው የገባው አዲሱም ያንኑ ጥቁርና ነጭ ምስል ሲያወጣ ማየት ሰልችቶኛል። መጀመሪያ የሚመረመረው ክሎኩ፣ ቺፑ ሥራውን የሚቆጥርበት ቋሚ ምት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። እንደ አናሎግ ዲቫይሰስ ኤዲቪ7170 ያለ ቺፕ ዲጂታሉን ምስል ተቀብሎ በቢጫው የኤቪ ገመድ የሚሄደውን ሲግናል ሲሠራ፣ ሁሉንም ነገር የሚቆጥረው ከአንድ የ27 ሜጋሄርዝ ክሎክ ነው። የብርሃኑ ናሙና የዚያ ግማሽ፣ 13.5 ሜጋሄርዝ ነው። ይህ ለ864፣ በአንድ መስመር ላሉት ናሙናዎች፣ ሲካፈል 15,625 ይሆናል፤ ፓል የሚባለው የአናሎግ ቀለም ቴሌቪዥን ስርዓት በሰከንድ የሚስላቸው መስመሮች ቁጥር ነው። ቀለሙን የሚሸከመው የ4.43361875 ሜጋሄርዝ ሰብካሪየር፣ ማለትም ሞገድ፣ ደግሞ የራሱ ክሪስታል (ምት የሚያመነጭ ክፍል) የለውም። ቺፑ ውስጥ ያለ ባለ 32 ቢት ቆጣሪ በእያንዳንዱ የክሎክ ምት አንድ ቋሚ ቁጥር ይደምራል፤ ቆጣሪው ሞልቶ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር የሰብካሪየሩ አንድ ሞገድ ያልቃል። ለፓል ያ ቋሚ ቁጥር 705268427 ነው።

እንግዲህ ክሎኩ በሚሊዮን 100 ብቻ ቢፈጥን መስመሩ በሰከንድ 15,626.56 ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ምንም ሳይመስለው ይከተለዋል፤ ምስሉም አይነቃነቅም። ሰብካሪየሩ ግን 443 ሄርዝ ይርቃል። የቴሌቪዥኑ የቀለም ክፍል በየመስመሩ መጀመሪያ የሚመጣውን አጭር የቀለም ምልክት፣ በርስት የምንለውን፣ ተከትሎ የራሱን ክሪስታል ማስተካከል የሚችለው በጥቂት መቶ ሄርዝ ውስጥ ነው። ከዚያ ሲያልፍበት ቀለሙን ጨርሶ ይዘጋዋል። ምስል ኖሮ ቀለም የሚጠፋው በዚህ ነው።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ክሪስታሉ ሥር ያሉት ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች ላይ ነው። የክሪስታሉ ዳታሺት ክሪስታሉ ማየት ያለበት ጠቅላላ ጭነት 20 ፒኮፋራድ ነው ይላል፤ ጀማሪው በየእግሩ 20፣ 20 ያስገባል። ለክሪስታሉ ግን ሁለቱ በተከታታይ የተያያዙ ናቸውና የሚደርሰው 10 ነው፤ የቦርዱና የፒኑ 5 ያህል ሲጨመር 15። ክሪስታሉ ከተጻፈበት ፈጥኖ ይመታል። ከ20 ላይ 5 ቀንሳችሁ በሁለት አባዙ፤ በየእግሩ 30 ፒኮፋራድ ይሆናል።

አንድ ተማሪ ያመጣልኝ ቦርድ ላይ የኦሲሎስኮፑ ፕሮብ የክሪስታሉን እግር ሲነካ ቀለሙ ይመጣል፤ ፕሮቡ ሲነሳ ይጠፋል። ልጁ «ብየዳው ላልቷል» ብሎ ዙሪያውን በሙሉ እየደጋገመ በይዶት ነበር። ብየዳው ምንም አልነበረበትም። ክሪስታሉን ዘግየት አድርጎ ወደ ክልሉ የመለሰው ፕሮቡ ይዞት የመጣው 10 ፒኮፋራድ ያህል ነው። ካፓሲተሮቹን ስንቀይር ቀለሙ ያለ ፕሮብ መጣ። ለዚህ ነው ክሎክ ክሪስታሉ ላይ አይለካም የምለው፤ ቺፑ የክሎክ መውጫ ካለው እዚያ ላይ ለኩ።

ካፓሲተር ከመቀየር ይልቅ በቺፑ ሬጂስተሮች (የማስተካከያ ቁጥር በሚጻፍባቸው ቦታዎች) ውስጥ ያለውን ያንን ቋሚ ቁጥር ከፍና ዝቅ እያደረጉ ቀለሙን የሚመልሱም አሉ። አንዱ እርምጃ 0.0063 ሄርዝ ብቻ ስለሆነ በእርግጥ ይመለሳል። እኔ ግን አልቀበለውም። ሰብካሪየሩ ከመስመሩ ጋር ያለው ጥብቅ ምጣኔ ይፈርሳል፣ በቀለም ድንበር ላይ የሚርመሰመሱት ነጥቦች ይብሳሉ፣ ቀጣዩ ቦርድ ደግሞ የራሱን ሌላ ቁጥር ይጠይቃል።

ቁጥሩን ስትጽፉ የባይቶቹን ቅደም ተከተል ተጠንቀቁ። ከትልቁ ወደ ትንሹ 42፣ 9፣ 138፣ 203 ናቸው፤ በኤዲቪ7170 የመጀመሪያው ሬጂስተር የሚፈልገው ትንሹን፣ 203ን ነው። የገለበጠ ሰው ቺፑን 21.5 ሜጋሄርዝ ገደማ ጠይቆታል ማለት ነው።

ከካሜራ ወይም ከቪዲዮ ማጫወቻ የመጣ አናሎግ ሲግናል በዲኮደር (አናሎጉን ወደ ዲጂታል በሚቀይር ቺፕ) አልፎ ወደ ኢንኮደር የሚገባ ከሆነ፣ የዲኮደሩ ክሎክ የመጣውን መስመር እየተከተለ ይዋዥቃል። ሰብካሪየሩም አብሮት ይዋዥቃል። ዲኮደሩ የመዋዠቁን መጠን ለኢንኮደሩ የሚነግርበት ፒን ካለው አገናኙት፤ ከሌለው ምስሉን በሜሞሪ አሳልፋችሁ ኢንኮደሩን በራሱ ክሪስታል አሠሩት።

የ75 ኦም ነገርም ብዙ ሰው ያሳስታል። የኤዲቪ7170 መውጫ ከረንት ነው የሚገፋው፤ ሙሉው 34.7 ሚሊአምፒር ያህል ሲሆን የሚጠብቀው ጭነት 37.5 ኦም ነው። ይህም ቦርዱ ላይ 75፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ 75 ጎን ለጎን ማለት ነው። ቴሌቪዥኑን ነቅሎ የሚለካ ሰው እጥፍ ያያል፤ ከ1.4 ቮልት ገደማ በላይ ደግሞ መውጫው ስለሚጨናነቅ ነጩ ተቆርጦ ይታየዋል። ከዚያ «በዛ» ብሎ በሶፍትዌር ይቀንሳል፤ ቴሌቪዥኑ ሲሰካ ምስሉ ይጨልማል። ስትለኩ በገመዱ ጫፍ 75 ኦም ሬዚስተር አድርጉ። በፓል ከሲንኩ (መስመር መጀመሩን ለቴሌቪዥኑ ከሚነግረው ምልክት) ሥር እስከ ነጩ 1 ቮልት ታነባላችሁ፤ 0.3ቱ የሲንክ፣ 0.7ቱ የምስል ነው። ከአንድ ሪሲቨር ለሁለት ቴሌቪዥን ገመዱን ዝም ብሎ መክፈልም እንዲሁ ነው፤ ሲንኩ ከ0.3 ወደ 0.2 ይወርዳል፣ ደካማው ቴሌቪዥን ምስሉን መያዝ ያቅተዋል።

ወደ ኢንኮደሩ በሚገባው ዲጂታል ምስል የብርሃን ደረጃ፦ ጥቁር 16፣ ነጭ 235። 0 እና 255 ለምስል አይፈቀዱም፤ 255፣ 0፣ 0 ተከታትለው ከመጡ ቺፑ የመስመር ምልክት መጣ ብሎ ስለሚቀበል ምስሉ ይቀደዳል።

ሪሲቨር የምትጠግኑ ልጆች፣ ዛሬ ኢንኮደሩ ብዙውን ጊዜ ዋናው ቺፕ ውስጥ ነው ያለውና ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሜኑውን እዩ። ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሌላ የቀለም ስርዓት ላይ ከሆነ ሰብካሪየሩ 3.58 ሜጋሄርዝ፣ መስመሩ 525 ነው፤ ፓል ብቻ የሚያውቅ ቴሌቪዥን ቀለም አይሰጥም።

በአማርኛ ሜኑ ወይም ጽሑፍ የምትሠሩ ደግሞ ለፊደሉ ቅጥያ አስቡለት። ሉን ከለ የሚለየው አጭር አግድም ጭረት አንድ መስመር ብቻ ከሆነ የሚሳለው ከሁለቱ ፊልዶች (ምስሉ መስመር እየዘለለ በየተራ ከሚሳልባቸው ሁለት ግማሾች) በአንዱ ነው፤ በሰከንድ 25 ጊዜ ብቅ ጥልቅ እያለ ዓይን ያደክማል። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ጥርት ያለ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ጭረቱን ቢያንስ ሁለት መስመር አድርጉት፣ ወይም ወደ ኢንኮደሩ ከመግባቱ በፊት ምስሉን ከላይ ወደ ታች በትንሹ አለስልሱት፤ ከዚያ በአሮጌ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ላይ፣ ሰው ከሚቀመጥበት ርቀት ሆናችሁ አንብቡት።