ጎንደር ሆነው ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ ሕጉንና መንገዱን ከየት ያገኙታል?

የሰው ልጅ ማሳደግ ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የእህት ልጅ፣ የሟች ወንድም ልጅ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጅ ከቤት ገብቶ ያድጋል። ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ወረቀቱ የሚጠየቀው ኋላ ነው። ልጁ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ አሳዳጊው ሞቶ ውርስ ሲነሳ፣ ወይም የወለደችው እናት ከዓመታት በኋላ ብቅ ስትል ይጠየቃል። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» ማለት ብቻውን አያዋጣም። የጉዲፈቻ ስምምነት በሕግ ፊት የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነውና።

1. የሚፈልጉት ጉዲፈቻ መሆኑን ይለዩ

ብዙ ሰው «ጉዲፈቻ እፈልጋለሁ» እያለ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ወላጆቹ የሞቱበትን የወንድምዎን ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት ወይም የአባቱን ጡረታ ለማስከበር ከሆነ፣ ሞግዚትና አሳዳሪ፣ ማለትም የልጁና የንብረቱ ሕጋዊ ኃላፊ መሆን ሊበቃ ይችላል። ልጁ የወንድምዎ ልጅ ሆኖ ይቀጥላል። የአደራ ቤተሰብ የሚባለውም አለ፤ ልጁን ለተወሰነ ጊዜ ተቀብሎ መንከባከብ ነው። ጉዲፈቻ ከሁለቱም ይለያል። ልጁ የእርስዎ ልጅ ይሆናል፤ እንደ ወለዱት ልጅ ይወርስዎታል።

2. ትክክለኛውን ሕግ ያንብቡ

ስልክዎ ላይ «የቤተሰብ ሕግ» ብለው ሲፈልጉ ቀድሞ የሚመጣልዎ የፌዴራሉ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992። እሱ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ጎንደር የምትተዳደረው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የክልሉ ሕጎች የሚታተሙት ደግሞ በነጋሪት ጋዜጣ ሳይሆን በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ነው። ይህን ስም ይዘው ይፈልጉ። ቴሌቪዥን ላይ አዲስ አበባ ስላለው ክበበ ፀሐይ የሕፃናት ማሳደጊያ አይተው «አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ» የሚሉ አሉ። የለብዎትም፤ እዚሁ ይጀምሩ።

የፌዴራሉን ማንበብ ግን አይጎዳም። ቋንቋው ግልጽ ነው፤ ሐሳቡን ለመያዝ ይረዳል። ከ180ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለውን ይመልከቱ። ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው፣ ልጁ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አብራችሁ ነው የምታደርጉት፤ አንዱ የሌላውን ልጅ ሲያሳድግ ግን የተለየ ነው። የወለዳችሁት ልጅ መኖሩ አይከለክላችሁም። ወላጆቹ በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መስማማት ይኖርባቸዋል። ልጁ ከወለዱት ቤተሰቦቹ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። ይህን ሰምተው የሚከፋቸው አሳዳጊዎች አሉ። እኔ ግን ሕጉ ልክ ነው እላለሁ፤ ልጅ አያቱን የማጣት ግዴታ የለበትም። እነዚህን ነጥቦች ወረቀት ላይ አስፍረው ከክልሉ ሕግ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የሚጠቅሱት የክልሉን አንቀጽ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ልብ ይበሉ። ጎንደር ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። «እህቴ አሜሪካ ነች፣ እሷ ትውሰደው» የሚል ሐሳብም ብዙ ነው። የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያዊ ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ተከልክሏል። እህትዎ ዜግነት ቀይራ ከሆነ፣ ጠበቃ ሳያማክሩ ለልጁ ተስፋ አይስጡት።

3. የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ

ከክፍለ ከተማዎ ይጀምሩ። ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ መጀመሪያ የሚያነጋግርዎ እዚያ ያለው የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ነው። ጥያቄዎን ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ንግግሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

«እማማ፣ ልጁ የማን ነው?»
«የኔ ነዋ! በጥሬ ወተት ያሳደግኩት።»
«የወለደችው ማለቴ ነው። በሕይወት አለች?»
«አለች። መተማ ነው ያለችው ይባላል።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚቆመው። «ይባላል» አይበቃም። እናትየዋ ተገኝታ ፈቃዷን መስጠት፣ ካልተገኘችም መጥፋቷ በማስረጃ መታየት ይኖርበታል። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ የወላጆችን ሁኔታ ያጣሩ፦ የት ናቸው፣ ማን ያውቃቸዋል፣ መሞታቸውን የሚያሳይ ወረቀት አለ ወይ?

ባለሙያውን እነዚህን ይጠይቁ። ምን ምን ሰነድ ያስፈልጋል? ቤቴን መጥቶ የሚያየው ማን ነው? ስለ ቤቴ የሚደረገው ጥናት ለፍርድ ቤት የሚላከው በእናንተ ነው ወይስ ፍርድ ቤቱ ሲያዝ? ቤተሰብ የሌለው ልጅ ከሆነ የምፈልገው፣ የት ነው የምመዘገበው?

ልጅ «የሚያገናኝ» ደላላ ካጋጠመዎ ያንን መንገድ ይተዉት። በገንዘብ የመጣ ልጅ ከወንጀል ጋር ሊያነካካዎ ይችላል። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ቀጥታ ፖሊስ ጋ ነው፤ ቤት ወስዶ ዝም ማለት አያዋጣም።

4. ሰነድ ይሰብስቡ

መታወቂያ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃ፣ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ወላጅ ሞቶ ከሆነ የሞት ማስረጃ። ሌላውን ጽሕፈት ቤቱ ይነግርዎታል።

አቋራጭ የሚመስል ወጥመድ ግን አለ። ልጁን እንደ ወለዱት አድርጎ ልደቱን በራስ ስም ማስመዝገብ። «ማን ያውቃል?» ይባላል። ዘመድ ሁሉ ያውቃል! ውርስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚናገረውም ያው ዘመድ ነው። ምዝገባው በሐሰት ቃል ስለተሠራ ሊሰረዝ ይችላል፤ ልጁ ምዝገባውንም ውርሱንም ያጣል፤ እርስዎም ይጠየቁበታል።

5. ነፃ የሕግ ምክር ይጠቀሙ

ለጠበቃ አቅም ከሌለዎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሰነድዎን ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ የጎደለውንም አይደብቁ። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ማመልከቻ ይጽፉልዎታል፤ ጽሑፋቸው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ምክራቸውን ግን እንደ ጠበቃ ምክር አይያዙት። መዝገቡ በየትኛው ችሎት እንደሚከፈትና ክፍያ ይኖረው እንደሆነ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ይነግርዎታል። ይህን ለመጠየቅ ማንንም መክፈል የለብዎትም።

6. ፍርድ ቤት ሲቀርቡ

ስምምነቱ የሚደረገው በእርስዎና በልጁ አሳዳሪ መካከል ነው። ልጁ በማሳደጊያ ያለ ከሆነ ማሳደጊያው አሳዳሪው ይሆናል። ዳኛው ከማጽደቁ በፊት የሚያየው የልጁን ጥቅም ነው፤ የእርስዎን የማሳደግ አቅም ይመረምራል፣ የልጁንም ሐሳብ ይሰማል። ስለዚህ ነገሩን ለልጁ ቀድመው፣ በሚገባው ቋንቋ ይንገሩት። ችሎት ውስጥ «እናቴ አይደለችም እንዴ?» ብሎ ቢደነግጥ ለሱም ለእርስዎም ከባድ ነው። የአባት ስም ጉዳይም ቀድሞ ይታሰብበትና ምን እንደሚሆን በስምምነቱ ይጻፍ።

ከጸደቀ በኋላ ጉዲፈቻ በዋዛ አይፈርስም። አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ጸያፍ ተግባር ላይ ካሰማራው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ከያዘው ግን ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል።

ውሳኔው እንደተሰጠ ሁለት ነገር ቀርቷል። አንዱ፣ ጉዲፈቻው በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገቡ ነው፤ እንደ ልደትና ጋብቻ ሁሉ ይመዘገባል። ሁለተኛው፣ ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ ነው። ከአንድ በላይ ያውጡ። አንዱን ለትምህርት ቤት፣ አንዱን ለፓስፖርት፣ አንዱን ደግሞ ከቤት ካርታው ጋር ያስቀምጡት።