ሲለበስ (ለተማሪ የሚሰጠው የኮርስ ዕቅድ) ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይጻፋል

አዲስ ኮርስ እንድታስተምሩ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የምትከፍቱት ያምናውን ኮርስ አውትላይን ከሆነ ለጊዜው ዝጉት። ዲፓርትመንቱ የሚያስሞላው ቅጽም ይቆይ፤ እሱ መጨረሻ ላይ ይሞላል። እኔ የምጀምረው ከመጨረሻው ነው።

የማስተምረው መግቢያ ስታቲስቲክስ ነው። ባዶው ገጽ ላይ መጀመሪያ የምጽፈው የመጨረሻውን ፕሮጀክት ነው። ተማሪው ትንሽ ዳታ ይወስዳል፤ በግራፍ ያሳያል፤ ተገቢውን ስታቲስቲካዊ ቴስት (የታየው ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ የሚፈትሽ ስሌት) መርጦ ይሠራል፤ ውጤቱን ስታቲስቲክስ ላልተማረ ሰው በአንድ ገጽ ያስረዳል። ከዚያ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ቴስት ለመምረጥ ምን ማወቅ አለበት? ናሙና ከናሙና እንዴት እንደሚለያይ። ለዚያስ? ፕሮባቢሊቲ። ሳምንቶቹ በዚህ መንገድ ራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ወደ ፕሮጀክቱ የማያደርስ ምዕራፍ ይወጣል። መጽሐፉ ውስጥ ስላለ ብቻ አይማሩትም።

ዓላማዎቹን ስትጽፉ «ይረዳል» እና «ያውቃል» የሚሉትን ሰርዙ። መረዳቱን በምን ታዩታላችሁ? «ያሰላል»፣ «ያወዳድራል»፣ «ይተቻል» ብትሉ ግን የፈተና ጥያቄው አብሮ ይመጣል። ግሥ ካጠረባችሁ የትምህርት ሳይኮሎጂ ባለሙያው ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡትን፣ ከእውቀት እስከ ግምገማ የሚወጣውን የትምህርት ዓላማ ስድስት ደረጃ ተመልከቱ። አራት አምስት ዓላማ ይበቃል። አሥራ ሁለት ዓላማ ያለው ሲለበስ አይቻለሁ፤ የጻፈው ሰው ራሱ የሚያስታውሳቸው አይመስለኝም።

አሁን ብዙ መምህር የሚዘለው ነገር፦ የተማሪው ሰዓት። በአውሮፓው የክሬዲት አሠራር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፤ የክፍሉም የቤቱም ተደምሮ። የ5 ክሬዲት ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ለ15 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ሌክቸርና ላብ 4 ሰዓት ከወሰዱ፣ ለንባብና ለአሳይመንት የቀረው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ 80 ገጽ ንባብ ብታዙስ? ከበድ ያለ ጽሑፍ በሰዓት 10 ገጽ ቢነበብ ንባቡ ብቻ 8 ሰዓት ይፈጃል። ልጁ ሌሎች ኮርሶችም አሉት። ስለዚህ እያንዳንዱን ሳምንት በሰዓት ደምሩ። ከሰዓቱ ካለፈ ንባቡን ቀንሱ፤ «ጎበዝ ተማሪ ይደርስበታል» አትበሉ።

ማርኩን ፋይናል ላይ መቆለል ለአራሚው ይቀላል። ተማሪው ግን የት እንደደከመ የሚያውቀው ማስተካከያ ጊዜው ካለቀ በኋላ ነው። የእኔ ክፍፍል ኩዊዝ 15፣ ላብ 20፣ ሚድ 20፣ ፕሮጀክት 25፣ ፋይናል 20 ነው። የመጀመሪያውን ኩዊዝ በጊዜ፣ ኮርሱን ትቶ የመውጫው (የድሮፕ) ቀነ ገደብ ሳያልፍ አድርጉት።

ስም፣ ኢሜይል፣ የማማከሪያ ሰዓት፣ ቅድመ ኮርስ፣ መጽሐፍ፦ አንደኛው ገጽ ላይ ይቀመጡ። በቃ።

ደንቡ ላይ ግን አትቆጥቡ። «አሳይመንት በሰዓቱ ይቅረብ» ማለት ምንም አይደለም። «እስከ አርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት፤ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን 10 በመቶ ይቀነሳል፤ ከ3 ቀን በኋላ አይታረምም» በሉ። ኤአይም እንዲሁ ነው። እኔ ጋ የኮድ ስህተት በኤአይ መፈለግ ይቻላል፤ የውጤት ትርጓሜ ማስጻፍ አይቻልም፤ የተጠቀመ የት እንደተጠቀመ በአንድ መስመር ይገልጻል። ዝም ካላችሁ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሕግ ያወጣል። ደግሞ ቁጣውን ተዉት። አንዳንዱ ሲለበስ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይደነፋል፤ ገና ምንም ባላጠፋ ልጅ ላይ።

ሲለበሱ ከመበተኑ በፊት ኮርሱን ለማያውቅ ሰው ስጡትና ጠይቁት፦ ሚድ መቼ ነው? ብታመም ምን ላድርግ? ፕሮጀክቱ ከመቶ ስንት ይይዛል? መልሱን ፍለጋ ገጽ ሲያገላብጥ ከቆየ፣ ርዕሶቹንና ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ።

ሴሚስተሩ መሃል ላይ የሆነ ነገር መቀየሩ አይቀርም። የንባብ ገጽና የሌክቸር ርዕስ ይቀየር፣ ችግር የለም። የማርክ ክፍፍሉን ግን አትንኩ፤ ተማሪው ጊዜውን የመደበው በእሱ ነው። አዲሱን ቅጂ ቀን ጻፉበትና ላኩ፤ አሮጌውን ከኮርሱ ገጽ ላይ አንሱት።