ላፕቶፑን ወይም ስልኩን ከመመለሳችሁ በፊት

ሥራዬ ዕቃ መረከብ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ላፕቶፑንና ስልኩን ተቀብዬ ለሚቀጥለው ሰው አዘጋጃለሁ። ብዙዎቹ "ሁሉንም አጥፍቻለሁ" ብለው ይሰጡኛል። ብሮውዘሩን ስከፍተው ግን የግል ኢሜይላቸው ዘው ብሎ ይመጣል። ዳውንሎድስ ውስጥ የፓስፖርት ኮፒ፣ የሕክምና ውጤት፣ የልጆች ፎቶ ተቀምጧል። ይሄ የእኔ ዓይን የሚያርፍበት ነገር አይደለም። ከእኔ በኋላ ደግሞ ዕቃው ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

ፋይል እየመረጡ መሰረዝ አይበቃም። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ብታደርጉትም፣ በተለይ በሃርድ ዲስክ ላይ የሚነሳው ፋይሉ የት እንዳለ የሚያሳየው ምልክት ብቻ ነው። ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

መጀመሪያ የራሳችሁን አውጡ። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሥራው ፋይል የእናንተ አይደለምና ሳያስረክቡ ማጥፋት ጣጣ ያመጣል። ፎቶና ሰነድ ማንም አይረሳም። የሚረሳው የኮድ መስጫ አፑ ነው። ባንካችሁ ወይም ኢሜይላችሁ ስትገቡ ባለስድስት አሃዝ ኮድ የሚጠይቃችሁ ከሆነና ኮዱ የሚመጣው ከዚያ ስልክ ላይ ካለ አፕ ከሆነ፣ ወደ አዲሱ ስልክ ሳታዛውሩ እንዳታጠፉ። አዛውሩና አዲሱ ላይ አንዴ ገብታችሁ ሞክሩት። ዋትስአፕን ባክአፕ አድርጉ። የቴሌግራም ተራ ጭውውት አዲሱ ስልክ ላይ ራሱ ይመጣል፤ ሴክሬት ቻት (ለብቻው የሚከፈተው ምስጢራዊ ጭውውት) ግን ከዚያ ስልክ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ቀጥሎ ከአካውንት መውጣት ነው። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ጎግል አካውንቱ ሳይወጣ በጎን ቁልፎች ሪሴት የተደረገ (ሁሉም ተደምስሶ እንደ አዲስ የተመለሰ) ስልክ፣ ሲበራ የቀድሞውን ባለቤት ኢሜይልና ፓስዎርድ ይጠይቃል። አይፎንም ፋይንድ ማይ (የጠፋ ስልክ መፈለጊያው) ካልተዘጋ እንደዚያው ነው። ንጹህ ይመስላል፤ ቋንቋ ምረጡ፣ ዋይፋይ አስገቡ ይላል፤ ከዚያ ቀጥ። እናንተን ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

አይፎን ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ) ሳይዘጋ ስልክ ቁጥሮችንና ፎቶዎችን በእጃችሁ አትሰርዙ። ከአይክላውድም ስለሚጠፉ አዲሱ ስልካችሁም ላይ አታገኟቸውም።

ማጥፋቱ ራሱ ቀላል ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ ፋክተሪ ዳታ ሪሴት የሚለውን ፈልጉ። አይፎን ላይ ጀነራል፣ ከዚያ ትራንስፈር ኦር ሪሴት፣ ከዚያ ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ። በአሁኖቹ ስልኮች ላይ ያለው ሁሉ የተመሰጠረ ስለሆነ ሪሴቱ ምስጢሩን የሚፈታውን ቁልፍ ያጠፋዋል፤ የቀረው የማይነበብ ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ ሪሴት ፒሲ ብላችሁ ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ ምረጡ። እዚያው ቼንጅ ሴቲንግስ ውስጥ ክሊን ዳታ የሚል አለ፤ እሱንም አብሩት። ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተዉት። የማስረከቢያው ዕለት ጠዋት የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። ፍላሽ ከጎኑ ተሰክቶ የሚመጣ ላፕቶፕ ብዛቱ! ስታበሩት "እንኳን ደህና መጡ" የሚለውን ገጽ ካያችሁ ፓወሩን አጥፉና አስረክቡ።

ስክሪኑ ተሰብሮ ወይም ተበላሽቶ ለዋስትና የምትመልሱት ከሆነ፣ ከሌላ ስልክ ጎግል ወይም አይክላውድ አካውንታችሁ ውስጥ ግቡና ዕቃውን ከዝርዝሩ ፈልጋችሁ የማጥፋት ትእዛዝ ስጡ። ኢንተርኔት ሲያገኝ ይጠፋል። ትእዛዙ መፈጸሙን ሳታዩ ግን ከዝርዝሩ አታውጡት፤ ቀድማችሁ ካወጣችሁት ትእዛዙም ይሰረዛል፣ ሲበራ ፓስዎርዳችሁን የሚጠይቀው መከላከያም ይነሳል። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ደግሞ የኢሜይላችሁንና የባንካችሁን ፓስዎርድ ዛሬውኑ ቀይሩ፣ ከሁሉም ዕቃዎች ውጣ የሚለውንም ተጫኑ።