ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጥ
ከሐዋሳ አሞራ ገደል የተጠበሰ ዓሣ ገዝተው በሰናፍጭ ለሚበሉ አንድ ነገር ልጠቁም፤ የምትበጠብጡበት ውኃ ቀዝቃዛ ይሁን። የሚያቃጥለው ነገር በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሳይሆን ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ሲያገኝ በኢንዛይም አማካይነት የሚፈጠር በመሆኑ፣ የፈላ ውኃ ከገባበት ኢንዛይሙ ይበላሽና የሚቀረው ምሬት ብቻ ይሆናል። እኔ ግን ያረጀ ፍሬ የተሸጠልኝ እየመሰለኝ ባለሱቁን ያለ ጥፋቱ ለዓመታት ሳማው ኖሬያለሁ።

ፍሬውን አበጥራችሁና ለቅማችሁ ለአንድ ገበታ የሚበቃውን ብቻ ከወቀጣችሁ በኋላ፣ ዱቄቱን በጥቂት ውኃ እንደ ወፍራም ሊጥ ለውሳችሁ፣ ከድናችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ክዳኑን ስታነሡ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ፤ ሽታው አፍንጫን ሰንጥቆ ዓይንን ያስነባል። ሎሚ ወይም አቼቶ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር የኢንዛይሙን ሥራ ስለሚገታ ቀድሞ ከገባ ሰናፍጩ ለስልሶ ይቀራል፣ በጊዜው ከገባ ግን የደረሰበትን ኃይል ያቆይለታል። ጨውና ነጭ ሽንኩርት እንደየፍላጎቱ ነው፤ ዘይት ማብዛቱን ግን አልወደውም።

ፈረንጆች ከጥብስ ሥጋ ጋር የሚበሉት ሆርስራዲሽ የተባለው ሥርም የሚያቃጥለው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ አቼቶ የሚደረግበት ከተፈቀፈቀ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ነው።