ደጋ ላይ 15 ፒኤስአይ ግፊት አይበቃም፦ መብራት በሌለበት የቀዶ ጥገና ዕቃ ማምከን

መብራት በማይደርስበት ጤና ጣቢያም ሆነ አደጋ በደረሰበት ቦታ በተተከለ ድንኳን፣ በቡታጋዝ ላይ የሚጣደው ድስት መሰል ኦቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ዕቃ የሚያመክን) ሁነኛ መሣሪያ ነው። ዕቃውን ቀቅሎ መተው ግን ማምከን፣ ማለትም ጀርሙን ሁሉ መግደል፣ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ የቴታነስ ስፖር (ጀርሙ ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጹ) ደግሞ 100 ዲግሪንም ችሎ ሊያልፍ ይችላል።

ሥራው ከእጥበት ይጀምራል። ደም ሳይደርቅ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ ዕቃውን ውሃ ውስጥ እንዳጠለቁ በብሩሽ ይፈትጉት። ሙቅ ውሃ ደሙን አርግቶ ብረቱ ላይ ያጣብቀዋል። ብዙ ቦታ ዕቃው አስቀድሞ በ0.5 ከመቶ ክሎሪን (አንድ እጅ ባለ 5 ከመቶ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ) ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን ይህን አይመክርም፤ ደም ክሎሪኑን ያደክመዋል፣ ክሎሪኑም ብረቱን ይበላዋል። መዘፍዘፉ ግድ ከሆነ ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ ከዚያ ወዲያውኑ ይለቅለቅ።

መቀሱንም መቆንጠጫውንም ከፍተው ያስቀምጡ። የተዘጋ መገጣጠሚያ ውስጥ እንፋሎት አይገባም። ለመጠቅለያ አቡጀዲ ይሆናል፤ አዲስ ከሆነ ግን ስታርቹ እስኪለቅ ይታጠብ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር እንኳ ካለችው ለሌላ ሥራ ያውሉት። አንዱን ጠቅልሎ ሌላውን በላዩ መደረብ ነው እንጂ ሁለቱን ጨርቅ አንድ ላይ መጠቅለል አይበቃም።

ውሃው ከመደርደሪያው በታች ይሁን፤ ጥቅሉን አይንካ። የጉድጓድ ውሃ ነጭ ቅርፊት ስለሚተው የዝናብ ውሃ ይሻላል። ጎድጓዳ ሳህኖችን በጎን ያጋድሟቸው፣ ጥቅሎቹንም ሳያጨናንቁ ያቁሟቸው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በአንዳንዶቹ ዓይነቶች ከክዳኑ ሥር አንድ ተጣጣፊ ቱቦ ይንጠለጠላል፤ በውስጠኛው ባልዲ ጎን ባለችው ቦይ እስከ ታች መውረድ አለበት። አየር ከእንፋሎት ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፣ የሚወጣውም በዚያ ቱቦ ነው። ቱቦው ጥቅል ላይ ከተጠመዘዘ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ግፊት እያሳየ መሃል ላይ ያለው ጥቅል ሳይመክን ይቀራል። እንፋሎቱ በማስተንፈሻው በኩል ሳይቆራረጥ እያፏጨ ለ5 ደቂቃ ይውጣ፤ ቫልቩ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።

ጌጁ ላይ ከ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ጎን የተጻፈው 121 ዲግሪ የሚሠራው በባሕር ወለል ደረጃ ብቻ ነው። በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ይጨምሩ። ሰመራ አካባቢ 16 ይበቃል፤ አዲስ አበባ 19፣ ደብረ ብርሃን ወደ 20 ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ በ15 የቆመ ድስት ውስጡ 117 ገደማ ብቻ ነው። የድስቱ ሴፍቲ ቫልቭ ከሚፈለገው ግፊት በታች የሚከፈት ከሆነ ድስቱ ለዚያ ከፍታ አልተሠራም ማለት ነው፤ ቫልቩን በሽቦ ማሰር ድስቱን ቦምብ ማድረግ ነው።

ሰዓት የሚቆጠረው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው፦ ለተጠቀለለ 30፣ ላልተጠቀለለ 20 ደቂቃ። መሃል ላይ ግፊቱ ከወረደ ከዜሮ ይጀመር። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው የኦቶክሌቭ ቴፕ መጥቆሩ ሙቀት አግኝቶታል ማለት እንጂ መክኗል ማለት አይደለም፤ ጥቅሉ መሃል ኬሚካል ጠቋሚ (እንፋሎት ሲደርሰው ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት) ይግባ፣ በየሳምንቱም የስፖር ምርመራ (ድስቱ ስፖር መግደሉን የሚያረጋግጥ) ይደረግ።

እሳቱን አጥፍተው እንፋሎቱን ያስወጡ። ጌጁ ዜሮ ላይ ሳይደርስ ክዳኑን አይንኩ። ዜሮ ሲደርስ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ጥቅሎቹ እዚያው እስኪደርቁ ይተዉ። እርጥብ ጥቅል በጨርቁ በኩል ከእጅና ከጠረጴዛ ጀርም ይስባል። ከደረቀም በኋላ ትኩሱን ጥቅል ቀዝቃዛ ብረት ላይ ካሳረፉት ከሥሩ ያልበዋል፤ ታጥፎ የተነጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ። የረጠበ፣ የተቀደደ ወይም መሬት የወደቀ ጥቅል ካለ ተፈትቶ፣ በደረቅ ጨርቅ እንደገና ተጠቅልሎ ወደ ድስቱ ይመለስ።