ኩራሳው ስትሄዱ በቀለማቱ ቤቶች ብቻ አትመለሱ

ከቪዛው እንጀምር፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኩራሳው በኔዘርላንድስ ንጉሣዊ ግዛት ሥር ብትሆንም ሼንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ቀጠና) ውስጥ የለችም። ለካሪቢያን ደሴቶቹ የሚሰጠው ቪዛ ለብቻው ነው። አውሮፓ ወይም አሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ከቪዛው ነፃ ልትሆኑ ስለምትችሉ ትኬት ሳትቆርጡ የኔዘርላንድስ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ። የኢሚግሬሽን ቅጹን ደግሞ ከበረራው በፊት ባሉት 7 ቀናት ውስጥ ኦንላይን ትሞላላችሁ።

ስለ ወቅት ብዙ አትጨነቁ። ደሴቷ ከቬኔዝዌላ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ከዋናው የአውሎ ነፋስ መስመር ውጭ ናት። ነፋሱ ግን ፋታ የለውም፤ በነፋሱ ደስ ሲላችሁ ፀሐይዋ ሳይታወቃችሁ ትጠብሳችኋለች።

በቀለማት ያሸበረቁት ቤቶች ያሉባት ዋና ከተማዋ ቪለምስታድ በእግር ነው የምትታየው። ፑንዳና ኦትሮባንዳ የሚባሉትን ሁለት ሰፈሮች የሚያገናኘው በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው ተንሳፋፊው የንግሥት ኤማ ድልድይ ነው፣ መርከብ ሲመጣ በሞተር ተገፍቶ ወደ ጎን ይከፈታል። ብርቱካናማ ባንዲራ ከተሰቀለ ትንሽ ጠብቁ፤ ሰማያዊ ከሆነ ይቆያልና በነፃው ጀልባ ተሻገሩ። ለምሳ ፑንዳ ውስጥ ፕላሳ ቢዩ ግቡ፣ የድሮው ገበያ ነው። የፍየል ወጡን ከፉንቺ ጋር እዘዙ። ፉንቺ ማለት ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ በሉት። የቧንቧ ውሃው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ይጠጣል፣ የታሸገ አትግዙ። ከ2025 ጀምሮ ገንዘባቸው የካሪቢያን ጊልደር ነው፣ 1 ዶላር በ1.79 ይመነዘራል፤ ዶላርም ይቀበላሉ።

አብዛኛው ጎብኚ እዚህ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እኔ ግን መኪና ተከራይታችሁ ወደ ምዕራብ ንዱ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የደሴቲቱ ታሪክ ዋናው ያለው እዚያ ነው። ደች (የኔዘርላንድስ ሰዎች) በ1634 ከስፔን ነጥቀው የያዟትን ይህችን ደሴት የባሪያ ንግድ ማዕከል አደረጓት፤ ያ ሁሉ የሚያምር ቤትም በዚያ ዘመን ሀብት የቆመ ነው። ክኒፕ በሚባለው እርሻ፣ የአገሬው ሰው ኬኔፓ ይለዋል፣ ቱላ የተባለው ባሪያ ነሐሴ 1795 አመፅ አስነሳ። ያንኑ ዓመት በጭካኔ ገደሉት። የኔዘርላንድስ መንግሥት ክብሩን በይፋ የመለሰለት በ2023 ነው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው! ባርነቱ ራሱ የቀረው በ1863 ነው።

ከዚያ ትንሽ ነድታችሁ ግሮተ ክኒፕ ባሕር ዳርቻ ትደርሳላችሁ። መግቢያ አይከፈልም። ቅዳሜና እሑድ የአገሬው ቤተሰብ ስለሚሞላው በሥራ ቀን፣ በጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ፕላያ ፒስካዶ የሚባለው ባሕር ዳርቻ ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ ትልልቅ የባሕር ኤሊዎች ይመጣሉ፤ አብራችሁ ዋኙ፣ አትንኳቸው። መኪናው ውስጥ ግን ቦርሳም ስልክም አትተዉ።